እማዬ «ሰሌን ይሠሩበታል ወይ?» አለችኝ



ማሌዥያ ስማር ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። አንድ እሑድ ኮምቦልቻ ደውዬ ከእማዬ ጋር ስናወራ «እዚያ አገር ምን ዓይነት ዛፍ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እማዬ እንዲህ ናት። ስለ ሕንፃው፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ መንገዱ ስነግራት «እሺ ልጄ» ብላ ታልፈዋለች። ወሬው ስለ ዛፍና ስለ ከብት ሲሆን ግን ጆሮዋ ይቆማል። እኔም «ኧረ እማ፣ አገሩ ሁሉ ዘንባባ ነው! በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ብትሄጂ ግራና ቀኙ ዘንባባ ብቻ ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ሰሌን ይሠሩበታል ወይ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም።

እማዬ የምትሰግድበት ሰሌን ከባቲ ገበያ የተገዛ ነው። ሰኞ ሰኞ አፋሮች ከቆላ ወደ ባቲ ይወጣሉ፤ ሴቶቹ ከዘንባባ ቅጠል የሠሩትን ሰሌን ጠቅልለው ያመጣሉ። ያ ሰሌን ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ጠርዙ ተበልቶ በጨርቅ ተለብጧል፤ ግንባሯ የሚያርፍበት ቦታ ለስልሶ ያብረቀርቃል። ለእሷ ዘንባባ ማለት ሰሌን ማለት ነው። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በዘንባባ መሃል ስመላለስ ቅጠሉ ምን እንደሚሆን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

በማግስቱ አንዱን የክፍሌን ልጅ ጠየቅኩት። የአገሩ ተወላጅ ነው። ሳቀብኝ። «አንተ ያየኸው እርሻ ነው፤ የዘይት ዘንባባ ነው። እሱ ደግሞ የእናንተ አህጉር ዛፍ ነው እንጂ የኛ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። የዘይት ዘንባባ የምዕራብ አፍሪካ ተክል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1848 ሆላንዶች አራት ችግኝ አምጥተው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቦጎር በሚባል የዕፅዋት ማዕከል ተከሉ። በማሌዥያ ለንግድ የተተከለው የመጀመሪያው እርሻ የተጀመረው በ1917 ነው። ዛሬ ከዓለም የፓልም ዘይት አብዛኛውን የሚያመርቱት እነዚህ ሁለት አገሮች ናቸው። «የኛን ዘንባባ ማየት ከፈለግክ ጫካ ግባ። በዚህ በልሳነ ምድሩ ብቻ ወደ 200 የሚጠጋ ዓይነት ዘንባባ አለ። አንተ ያየኸው አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም እንግዳውን» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የማሌዥያን ስም መጀመሪያ ያነበብኩት ከጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ ሳይሆን ከእማዬ የዘይት ጀሪካን ላይ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እማዬ ያሳደገችን ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ እየጠበሰች ነው። ረመዷን ሲመጣ ከዐስር በፊት ጀምሮ ቤታችን ደጃፍ ሰው ይሰለፋል። ዘይቱ ከቀበሌ ሸማቾች በኩፖን የሚመጣው ነው፤ ብርድ ሲሆን የሚረጋው። እኔ ወረፋ እይዛለሁ፣ ታናሽ እህቴ ጀሪካን ትይዛለች። ዘይት የጠፋ ሰሞን እማዬ ምድጃውን አጥፍታ እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ ነበር። የትምህርት ቤት ደብተሬ፣ ጫማዬ፣ በኋላም ወደ ማሌዥያ የሄድኩበት የአውሮፕላን ትኬት ግማሹ ከዚያ ዘይት የወጣ ነው። ስለዚህ «እንግዳው ዘንባባ» ሲለኝ በውስጤ ትንሽ ቅር አለኝ። እንግዳ ቢሆንም አሳድጎኛል።

የሴሚስተሩ ዕረፍት ሲደርስ ከአንድ የጅማ ልጅ ጋር ተማከርን። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአንድ ፎቅ የምንኖር ነን። የሁለት ኢንዶኔዥያውያን ተማሪዎችን ገንዘብ ጨምረን ወደ ታማን ነጋራ ለመሄድ ወሰንን። ታማን ነጋራ በማላይ ቋንቋ «ብሔራዊ ፓርክ» ማለት ብቻ ነው። በእንግሊዞች ዘመን፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ በእንግሊዝ ንጉሥ ስም ተከልሎ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ስሙ ተቀየረ። ስፋቱ 4,343 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዕድሜው 130 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆን ይነገርለታል። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «ሱብሓነላህ! እኛ ለሁለት ቀን ልናየው ነው?» አለ።

ከኳላላምፑር ጀራንቱት እስከምትባል ከተማ በአውቶቡስ ሄድን። መንገዱን ሁሉ በመስኮት የማየው ያንኑ የዘይት ዘንባባ ነበር። በመስመር በመስመር፣ አንድ ቁመት፣ አንድ ዕድሜ። ከጀራንቱት ወደ ወንዙ ሄደን በረጅም ጀልባ ተሳፈርን። ተምበሊንግ የሚባለው ወንዝ ውኃው ቡና በወተት ይመስላል። ሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ላይ ስንቀዝፍ መስመሩ ጠፋ። ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ዛፍ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይወጣል፣ ይጠመጠማል፣ ይንጠለጠላል። ጎሾች ውኃው ውስጥ ተኝተው አፍንጫቸውን ብቻ አውጥተው ያዩናል። ከእርሻ ወደ ጫካ ስትገቡ የመጀመሪያው የምታስተውሉት ይህን ነው፤ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ያጣል።

ኳላ ታሃን የምትባለው መንደር ከፓርኩ ፊት ለፊት ወንዙ ማዶ ናት። ምግብ ቤቶቿ ውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ። መስጂድ አለ፣ ምግቡ ሐላል ነው፤ ለሙስሊም መንገደኛ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። በአንድ ሪንጊት ጀልባ ተሻግረን፣ የመግቢያ ፈቃድ በአንድ ሪንጊት፣ የካሜራ ፈቃድ በአምስት ሪንጊት ቆረጥን። መንገድ መሪያችን አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ማላይ ነው። «አባንግ» እያልን እንጠራዋለን፤ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ጫማችንን አየና ራሱን ነቀነቀ። እሱ ያደረገው የኛን አገር ኮንጎ ጫማ የሚመስል የጎማ ጫማ ነው። የኔ ውድ የስፖርት ጫማ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጭቃ ጠጥቶ ሲከብድ፣ የሱ ኮንጎ ታጥቦ ይደርቃል። ድሮ እኛ ሰፈር ኮንጎ ያደረገ ልጅ ይሳቅበት ነበር። እዚያ የተሳቀብኝ እኔ ነኝ።

ያሰብነው ወደ 11 ኪሎ ሜትር በእግር ሄደን «ቡምቡን» በምትባል ማማ ላይ ለማደር ነው። ቡምቡን ማለት አውሬ ለማየት አድፍጠው የሚቀመጡባት የእንጨት ቤት ናት። ከፊቷ ጨዋማ አፈር አለ። እኛ አገር ከብት ቦሌ እንደሚልስ፣ ሆራ እንደሚወርድ፣ እዚያም የዱር እንስሳት ማታ ማታ ጨው ፍለጋ ይመጣሉ።

ከመነሣታችን በፊት አባንግ ሦስት ነገር ነገረን። አንደኛ፣ የማታውቁትን ተክል አትጨብጡ። ሁለተኛ፣ ከፊታችሁ ያለውን ሰው ጀርባ ከዓይናችሁ አታጥፉ። ሦስተኛ፣ ከጠፋችሁ ቁሙ፤ የሚሄድ ሰው አይገኝም፣ የቆመ ሰው ይገኛል። እኔ በአንድ ቀን ሦስቱንም ላፈርስ ስል ሁለት ተኩል ብቻ አፈረስኩ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀመርን። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ፀሐይ እንደ ሳንቲም እየተቆራረጠች ነው መሬት የምትደርሰው። ሙቀቱ ከሰማይ አይወርድም፣ ከመሬት ይነሣል። ላብ አይደርቅም። አልቅቱ ደግሞ ቅጠል ላይ ቆሞ ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ይጠብቃል። ካልሲያችንን ከሱሪያችን ላይ ስበን አስረናል፤ ግን በካልሲው ሽመና መሃል ይገባል። ሲነክስ አያምም፤ የምታውቁት ደሙ ሲወርድ ነው። የጅማው ልጅ መጀመሪያ ሲጮኽ ነበር፣ ከአሥረኛው በኋላ መቁጠሩን ተወው።

አባንግ ስለ ዘንባባ ለማየት መምጣቴን ስነግረው ደስ አለው። «ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ነብር ነው፤ ዘንባባ ያለኝ የለም» አለ። ከዚያ በኋላ በየመቶ ሜትሩ ይቆም ጀመር። መጀመሪያ ያሳየኝ መሬት ላይ የሚበቅል፣ ግንድ የሌለው፣ ቅጠሉ ብቻ እንደ ጎጆ ጣሪያ የተከመረ ዘንባባ ነው። በርታም ይሉታል። አበባው የሚያፈልቀው ጣፋጭ ፈሳሽ እዚያው ላይ ይቦካል፤ ሽታው የጠላ ቤት ሽታ ነው። አይጥ የምታህል፣ ጭራዋ ጫፍ ላባ የመሰለ ትንሽ እንስሳ በየሌሊቱ እየመጣች ትጠጣዋለች። በ2008 የታተመ የሳይንቲስቶች ጥናት ይህች እንስሳ ይህን ያህል ጠጥታ የስካር ምልክት እንደማይታይባት ዘግቧል። አባንግ ይህን ሲነግረን «ለሷ ተፈቅዷል፣ ለእናንተ አልተፈቀደም» ብሎ ሳቀ።

ቀጥሎ ፓላስ የሚባለውን አሳየኝ። ቅጠሉ ክብ ሆኖ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው። በሰሜን ማሌዥያ እናቶች ለዒድ ሩዝ የሚጠቀልሉት በዚህ ቅጠል ነው። ኢንዶኔዥያውያኑ ልጆች ቅጠሉን ሲያዩ ቤታቸው ትዝ አላቸው፤ ስለ ዒድ ምግብ ማውራት ጀምረው ማማው እስክንደርስ አላቆሙም።

ሦስተኛው ግን በጣም ያስገረመኝ ነው። እኛ አገር ሶፋና ወንበር የሚሠራበትን ራታን ታውቁታላችሁ። እኔ ዕድሜ ልኬን የቀርከሃ ዘመድ ይመስለኝ ነበር። ራታን ዘንባባ ነው! ሐረግ ሆኖ የሚወጣ ዘንባባ። ግንዱ ጣት የሚያህል ሆኖ ርዝመቱ ከ100 ሜትር ያልፋል። ራሱን ችሎ መቆም ስለማይችል በቅጠሉ ጫፍ ላይ እንደ መንጠቆ የታጠፈ እሾህ አለው፤ እሱን በሌሎች ዛፎች ላይ እየሰካ ወደ ፀሐይ ይወጣል። ልብሳችሁን ከያዘ ወደ ፊት መጎተት አይሆንም፤ ቆም ብላችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አንድ በአንድ መንቀል ነው። የማላይ ልጆች «ሮታን» ሲባሉ የሚያስቡት የመምህር አለንጋ ነው። እዚያ ጫካ ውስጥ የሚኖሩት የባቴክ ሰዎች ራታን እየቆረጡ ይሸጣሉ፤ መጠለያቸውንም በዘንባባ ቅጠል ይከድናሉ። አንድ ባዶ መጠለያቸው አጠገብ አልፈናል። ስልኬን ሳወጣ አባንግ እጄን ዝቅ አደረገው። «ቤት ነው» አለኝ። አፈርኩ።

ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ትልቅ የፓላስ ቁጥቋጦ አየሁ። ፀሐይ ከላይ ገብታ ቅጠሉን አብርታዋለች። ለእማዬ ፎቶ ልልክላት አሰብኩ። «አንድ ደቂቃ» አላልኩም፤ ዝም ብዬ ገባሁ። ከዚህኛው ማዕዘን፣ ከዚያኛው ማዕዘን አነሣሁ። ስመለስ መንገዱ የለም።

ወንድሞች፣ ይህን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ከመንገዱ የራቅኩት ምናልባት ሃያ እርምጃ ነው። ግን ሁሉም አቅጣጫ አንድ ነው። «በዚህ ነው የመጣሁት» ብዬ ሄድኩ፣ አልነበረም። ተመለስኩ፣ የተመለስኩበትም ሌላ ቦታ ነው። ጮኽኩ። ድምፄ አፌ ላይ የቀረ ነው የሚመስለው። ቁልቁለት ላይ ተንሸራተትኩና ሳላስብ አጠገቤ ያለውን ግንድ ጨበጥኩ። እሱም ዘንባባ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር መርፌ የለበሰ። መዳፌ ውስጥ ስንት እንደገባ አልቆጠርኩም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ሦስተኛው ነገር ትዝ ያለኝ፤ የቆመ ሰው ይገኛል።

ተቀምጬ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ስለ ነብር አላሰብኩም። እማዬ ስልክ ስትደውል እንደማላነሣ አሰብኩ። በዘይት ወረፋ ያሳደገችው ልጅ ለአንድ ፎቶ ብሎ ጠፋ ተብሎ ሲነገራት ፊቷ ታየኝ። ከሰዎቹ ሳልለይ «ቆዩኝ» ለማለት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ያን ቃል ያላወጣሁት ኩራት ነው። ዘንባባ የማውቅ፣ መንገድ የማውቅ መስያለሁ።

ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላወቅኩም፤ በኋላ ሲነግሩኝ አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ከሩቅ አንድ ነገር ሰማሁ። መጀመሪያ ወፍ መሰለኝ። ጆሮዬን ሳቆም አዛን ነው። የጅማው ልጅ ነው! ዶርም ውስጥ ፈጅር ላይ የሚቀሰቅሰን ያው ድምፅ። ስሜን ሲጠሩ አልተሰማኝም ነበር፤ አዛኑ ግን ተጎትቶ፣ ረዝሞ፣ በዛፎቹ መሃል አልፎ መጣ። እኔም ባለኝ ድምፅ ሁሉ መለስኩ። እሱ ሲያቆም እኔ እጮኻለሁ፣ እኔ ሳቆም እሱ ይቀጥላል። አባንግ በድምፁ መሃል መጥቶ አገኘኝ። አልተቆጣኝም። እጄን አየና «ይህ ኒቦንግ ነው፤ በል ይህንንም ዘንባባ አወቅከው» ብቻ አለኝ።

በኋላ ጓደኛዬን ስጠይቀው «የዙህር ሰዓት ገብቶ ነበር፤ ደግሞም ስም መጥራት ሲያቅተን ሌላ ምን አደርጋለሁ?» አለኝ። አባንግም «አጭር ጩኸት ጫካ ይውጠዋል፤ ረጅም ድምፅ ግን አቅጣጫ ያሳያል» አለ። እዚያው ጅረት ዳር ውዱእ አድርገን ዙህርና ዐስርን አሳጥረን፣ አዋሕደን ሰገድን። ኮምቦልቻ ቂብላችን ወደ ሰሜን ነው። እዚያ ግን ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ ነው። ያን ቀን ሱጁድ ስወርድ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ቂብላ ስዞር አገሬም በዚያው በኩል ነበር።

ማማው ላይ የደረስነው ወደ አሥር ሰዓት ነው። የእንጨት አልጋ፣ አንድ ሰፊ መስኮት፣ ሌላ ምንም የለም። አባንግ መርፌ አወጣና በባትሪ ብርሃን እሾሁን ከመዳፌ አንድ በአንድ ይነቅል ጀመር። ሲነቅል እጁን አየሁት፤ የሱም መዳፍ ጠባሳ ነው። «የጫካ ነው?» አልኩት። «አይደለም፤ የእርሻ ነው» አለኝ።

ታሪኩን ነገረኝ። አባቱ መሬት የሌለው ሰው ነበር። በ1956 ፌልዳ የሚባል የመንግሥት ድርጅት ተቋቁሞ ለድሃ የገጠር ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው ወደ 4 ሄክታር መሬት እየሰጠ ማስፈር ጀመረ። አባቱ ጀንግካ የሚባለው ሰፈር፣ ከጀራንቱት ብዙም ሳይርቅ፣ ደረሰው። ሲደርሱ ጫካው ተመንጥሮ ነበር፤ የቀረው የከሰለ ጉቶ ነው። የዘይት ዘንባባ ተከሉ። ልጆቹ ከትምህርት መልስ በረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ማጭድ የተቆረጠውን ዘለላ ይሸከማሉ፣ መሬት የወደቀውን ፍሬ ይለቅማሉ። ቅጠሉ እሾሃም ነው። «በዚያ ዘይት ነው የተማርኩት» አለኝ።

«እኔም» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ስለ እማዬ፣ ስለ ሳምቡሳው፣ «ማሌዥያ» ስለሚለው ጀሪካን ነገርኩት። መርፌውን ይዞ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «የአባቴ ዘይት ይሆናል እኮ» ብሎ ሳቀ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ደግሞ ሁለታችንም ዝም አልን። ምክንያቱም ውጭ ጫካው እየመሸ ነበር። ሲካዳ የሚባሉት ነፍሳት መግሪብ ሲቃረብ እንደ መጋዝ ድምፅ አንድ ላይ ይነሣሉ። የኛ የኤርኩም ዘመድ የሆነ ትልቅ ወፍ ክንፉን እንደ ባቡር እያስጮኸ ከላያችን አለፈ። ይህ ወፍ እንቁላሉን የሚጥለው በትልልቅ ያረጁ ዛፎች ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ሴቷ ገብታ መግቢያው በጭቃ ይደፈንና ወንዱ በጠባብ ክፍተት ይመግባታል። በዘይት እርሻ ውስጥ ያረጀ ዛፍ የለም፤ ቀዳዳም የለም። አባንግ የሚያውቀውን ነበር በለሆሳስ የነገረኝ። «እኔ ያደግኩበት ቤት ያለበት ቦታ እንዲህ ነበር።»

የማሌዥያ ነብር ዛሬ በዱር የቀረው ከ150 በታች እንደሆነ የአገሪቱ መንግሥት ያስጠናው ቆጠራ ያሳያል። እኔ ይህን ሰምቼ ዘይቱን ልረግም አልቻልኩም። የዘይት ዘንባባ ከአንድ ሄክታር የሚሰጠው ዘይት ከአኩሪ አተርም ሆነ ከሱፍ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ቢቀር በምትኩ የሚታረሰው መሬት የባሰ ይሰፋል። የእማዬን ምድጃም አላጠፋም። ግን «ዛፍ አይደለ እንዴ፣ ሁሉም ዘንባባ ነው» ብዬ የማልፍበት አፍም አጣሁ። የጅማው ልጅ ከአልጋው ላይ ሆኖ «እኛም ጋ እኮ የቡና ጫካችን እንዲሁ እየሳሳ ነው። ቡና በዱር የሚበቅልበት ደን በየዓመቱ ጠርዙ ይበላል» አለ። ማንም መልስ አልሰጠውም።

በተራ እየነቃን መጠበቅ ጀመርን። የኔ ተራ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል የጨለማ ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ከዚያ ከታች ውኃ የመርገጥ ድምፅ መጣ። አባንግ ተነሥቶ ቀይ ወረቀት የሸፈነበትን ባትሪ ቀስ ብሎ አበራ። ታፒር ነበር፤ እነሱ ተኑክ ይሉታል። አህያ የሚያህል፣ አፍንጫው እንደ አጭር ኩምቢ የወረደ። ፊቱና እግሩ ጥቁር፣ ከትከሻው በኋላ ወገቡ ነጭ። ጋቢ ያገለደመ ሽማግሌ ይመስላል። ጭቃውን ላሰ፣ ቀና አለ፣ ወደኛ አየ። ደግሞ ላሰ። ምናልባት ሁለት ደቂቃ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። እጄ በጨርቅ ታስሮ ስለነበረ ነው ብል ውሸት ነው።

ሲነጋ ፈጅር ሰግደን ስንጨርስ ጊቦን የሚባሉት ጦጣዎች ከዛፍ ጫፍ ተጠራሩ። አንዱ ይጀምራል፣ ከሩቅ ሌላው ይመልሳል። ረጅም ድምፅ ነው፤ አቅጣጫ የሚያሳይ። ጓደኛዬ ወደኔ ዞሮ «እነሱም የጠፋ ሰው አለባቸው» አለኝ።

በመመለሻችን ጀራንቱት ገበያ ገባሁ። አንዲት እናት ሰሌን ዘርግተው ይሸጣሉ። ለስላሳ ነው፣ ቀይና አረንጓዴ ገብቶበታል፣ ሽመናው ጥርት ያለ። ደስታዬን አልነግራችሁም። ለእማዬ ጥያቄ በመጨረሻ መልስ አገኘሁ ብዬ ሳልከራከር ገዛሁት። ተመርቄ እስክመለስ ድረስ ከአልጋዬ ሥር ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

ኮምቦልቻ በገባሁ ማግሥት አወጣሁና ፊቷ ዘረጋሁላት። «እማ፣ ይኸው፣ ይሠሩበታል» አልኳት። ተንበርክካ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዳሰሰችው። አጠፍ አደረገችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ከዚያም «ልጄ፣ ይህ ዘንባባ አይደለም» አለችኝ። «ቅጠሉ ሌላ ነው። ዘንባባ ሲታጠፍ እንዲህ አይልም።» እኔም ተከራከርኳት። ጫካ ገብቼ፣ እጄን ተወግቼ፣ ስንት ዓይነት ዘንባባ አይቼ የመጣሁ ሰው ነኝ! ማታ ያንን የክፍሌን ልጅ በስልክ ፎቶ ላክሁለት። «መንግኳንግ ነው፤ ቅጠሉ ዘንባባ ይመስላል እንጂ ዘንባባ አይደለም፤ ወገኑም ሌላ ነው» ብሎ መለሰልኝ። እማዬ በአውራ ጣቷ ያወቀችውን እኔ በሁለት ቀን ጉዞና በሦስት ዓመት ትምህርት አላወቅኩትም።

ከአገራችሁ ወጥታችሁ ለምትማሩ፣ ወይም እዚሁ ሆናችሁ ዕረፍት ለምትጠብቁ ወንድሞችና እህቶች ከዚህ ጉዞ የቀረችኝን ላካፍላችሁ። ጫካ ስትገቡ ያወቃችሁትን ይዛችሁ አትግቡ፤ የሚያውቀውን ሰው ተከተሉ። ከኋላ ስትቀሩ «ቆዩኝ» ለማለት አትፈሩ። የጎማ ጫማ አትናቁ። የሰው ቤት ፎቶ አታንሡ። ቤት ስትመለሱ ደግሞ የምትበሉት ዘይት፣ የምትቀመጡበት ወንበር፣ የምትሰግዱበት ሰሌን ከየት እንደመጣ አንድ ጊዜ ጠይቁ። መልሱ ቀላል አይሆንም፤ ቢሆንም ጠይቁ። ለእኔ ጥያቄውን ያስጀመረችኝ ፊደል ያልቆጠረች እናቴ ናት።

መንግኳንጉን ምን እንዳደረገችው ትጠይቁኝ ይሆናል። አሮጌውን ሰሌን አልጣለችውም። አዲሱን ከሥር አነጠፈችው፣ የባቲውን ከላይ። «የሩቁ ሰው ለፍቶበታል፤ ከጉልበቴ በታች ይሁን» አለች። ያን ዕለት መግሪብ ላይ ከኋላዋ ቆሜ ሳያት፣ ሁለቱ ቅጠሎች አንድ ላይ ሲንሿሹ ሰማኋቸው።